ረግረግ ቦታ ባዶ መሬት አይደለም
ስለ ጨፌ፣ ስለ ደንገል ዳርና በውስጣቸው ስለሚኖሩ ፍጥረታት ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

በአገራችን ብዙ ገበሬዎች ዘንድ ረግረግ ቦታ ሁለት ስም አለው። ላም አረንቋ ውስጥ ገብታ ስትቀር፣ ወባ ሲነሣ፣ ከርከሮ ከዚያ ወጥቶ በቆሎውን ሲገለብጥ «ይህ የማይረባ መሬት» ይባላል። በበጋ ሣር ሲጠፋ፣ ቤት ሲከደን፣ ለበዓል ቄጠማ ሲጎዘጎዝ፣ ምንጭ ሲቀዳ ደግሞ «ጨፌያችን» ይባላል። የልማት ሠራተኛው አንድ ቀበሌ ሲደርስ በአብዛኛው አስቀድሞ የሚሰማው የመጀመሪያውን ስም ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ስብሰባ ላይም የሚነሣው ጥያቄ «ይህን ውኃ የተኛበትን መሬት አጠንፍፈን ብናርሰውስ?» የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው። መሬት ጠብቧል፤ የሚበላው አፍ በዝቷል። ስለዚህ መልሱ በደፈናው «አትንኩት» ወይም በደፈናው «ቆፍራችሁ አድርቁት» ሊሆን አይችልም። ረግረግ እንዴት እንደሚሠራ፣ በውስጡ ማን እንደሚኖር፣ ሲደርቅ ምን እንደሚጠፋና የትኛውን ክፍል ያለ ጉዳት መጠቀም እንደሚቻል ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የምናቀርበው ማብራሪያ ለዚህ እንዲረዳ የተዘጋጀ ነው።

ረግረግ እንዴት ይሠራል?

ረግረግ ማለት ውኃ ዓመቱን ሙሉ ወይም ከዓመቱ ረዘም ላለ ጊዜ ከአፈሩ ገጽ ላይ ወይም ከገጹ ጥቂት ዝቅ ብሎ የሚቆምበት ቦታ ነው። ውኃው ከዝናብ፣ ከወንዝ ሙላት ወይም ከተራራው ሥር ከሚፈልቅ ምንጭ ይመጣል። በደጋማውና በወይና ደጋው አገራችን የሚገኙት አብዛኞቹ ጨፌዎች በሁለት ተዳፋት መካከል ባለ ሸለቆ ውስጥ የተኙ ሲሆኑ፣ ከተዳፋቱ ሠርጎ የወረደውን ውኃ ይቀበላሉ።

ውኃ አፈሩን ሲሞላው አየር ይወጣል። ኦክስጅን በውኃ ውስጥ የሚያልፈው በአየር ውስጥ ከሚያልፈው 10,000 ጊዜ ያህል ቀርፎ ስለሆነ፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል፤ በምትኩ አይገባም። በዚህ ምክንያት የሞተ ቅጠልና ሥር በፍጥነት አይበሰብስም፤ ዓመት በዓመት ላይ እየተደራረበ ጥቁርና ስፖንጅ የመሰለ አፈር ይሆናል። ይህ አፈር ሁለት ነገር ያከማቻል። አንዱ ውኃ ነው፤ ሁለተኛው በብስባሹ ውስጥ ታስሮ የተቀመጠ ናይትሮጅንና ሌላ የእህል ምግብ ነው።

የሚይዘውን ውኃ መጠን በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። በ1 ሄክታር ጨፌ ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢቆም 3,000 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 3 ሚሊዮን ሊትር ይሆናል። ይህም በ20 ሊትር ጀሪካን ሲለካ 150,000 ጀሪካን ነው። ይህን ያህል ውኃ ክረምት ሲዘንብ በአንድ ጊዜ ወርዶ ጎርፍ እንዳይሆን ጨፌው ይይዘዋል፤ በበጋ ደግሞ ቀስ በቀስ ለምንጩና ለወንዙ ይለቀዋል። ሴቶች በየካቲትና በመጋቢት ውኃ የሚቀዱበት ምንጭ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ጎተራ የሚቀለብ ነው።

ረግረግ ውኃን ያጣራልም። ጎርፉ ከተራራ የጠረገውን አፈር ይዞ ወደ ጥቅጥቅ ያለው ቄጠማ ወይም ደንገል ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ደለሉ እዚያው ይቀመጣል። ከማሳ ታጥቦ የመጣውን ማዳበሪያም ተክሎቹ ይመጡታል። ከዚያ በታች ወዳለው ሐይቅ ወይም ወንዝ የሚደርሰው ውኃ የጠራ ይሆናል።

በሥፍራው የሚኖሩ ዕፅዋት

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ቄጠማ፣ ፊላና ደንገል ናቸው። እነዚህ ተክሎች አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ለመኖር የቻሉት በግንዳቸው ውስጥ አየር የሚያልፍበት ክፍት ቦታ ስላላቸው ነው፤ ከቅጠል ወደ ሥር አየር ይወርዳል። የደንገልን ዘንግ ቆርጦ ውስጡን የተመለከተ ሰው ነጩ ሥጋው እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ የበዛበት መሆኑን ያያል። በጣና ላይ ታንኳ የሚሠራው ከደንገል የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሥሩን በጭቃ ውስጥ የሚያኖረው አየር፣ ታንኳውን በውኃ ላይ ያንሳፍፈዋል። በጣና ዳር የሚኖረው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ከጥንት ጀምሮ በዚህ ሥራ የታወቀ ነው።

ደንገል ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ በላይ የሚያድግ ሲሆን፣ በልኩ ሲቆረጥ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። በእሳት ከተቃጠለ፣ ከብት ለጋውን ከጋጠው ወይም ሥሩ ከተቆፈረ ግን ቦታውን ይለቃል።

በሥፍራው የሚኖሩ እንስሳት

በጭቃው ውስጥ ትልና የነፍሳት ዕጭ ይኖራሉ። እነርሱን እንቁራሪትና ትንንሽ ዓሣ ይበላቸዋል፤ እንቁራሪቱንና ዓሣውን ደግሞ አርጃኖ፣ ሳቢሳ፣ ዓሣ በል ንስርና ሌሎችም ወፎች ይበሏቸዋል። በቆላው ረግረግ ዘንዶና ጉማሬ ይገኛሉ። ቦሆርና ድፋርሳ የመሳሰሉት ባለ ቀንድ የዱር እንስሳት ከረጅሙ ሣር ጥግ መሸሸጊያና ግጦሽ ያገኛሉ። በጋምቤላ ረግረግ ደግሞ ናይል ሌቸዌ የሚባል፣ ከኢትዮጵያና ከደቡብ ሱዳን ረግረጎች በስተቀር በሌላ አገር የማይገኝ አጋዘን መሰል እንስሳ አለ።

አምባዛ የሚባለው ዓሣ የረግረግ ኑሮን በሚገባ ያሳያል። በዝንጥሉ ብቻ ሳይሆን ከአየርም መተንፈስ የሚችል ተጨማሪ አካል ስላለው፣ ሌላው ዓሣ በሚሞትበት ጭቃማ ኩሬ ውስጥ ይቆያል። ክረምት ሜዳው በውኃ ሲሸፈን ወደ ሣሩ ወጥቶ ይራባል፤ ጫጩቶቹም በዚያ ያድጋሉ።

ከወፎች መካከል ሰማያዊ ክንፍ ያለው የኢትዮጵያ ዝይ ከአገራችን በቀር በየትም አይገኝም፤ ኑሮውም በደጋው ወንዝ ዳርና ጨፌ ነው። ራሱ ላይ እንደ ዘውድ የተተከለ ወርቃማ ላባ ያለው ጥቁር ክሬንና ከአገጩ ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበት ሌላው ክሬን ጎጇቸውን የሚሠሩት በረግረግ ውስጥ ነው። በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲጠና የሚሰደዱ ብዙ ሺህ ወፎችም የበጋውን ወራት በአገራችን ረግረግ ያሳልፋሉ።

ገበሬው «ወፍ ምን ያደርግልኛል?» ቢል መልስ አለን። ሳቢሳና ሌሎች የረግረግ ወፎች፣ እንቁራሪቶችም ጭምር፣ አንበጣና ልዩ ልዩ ተባይ ይበላሉ። ጉጉትና ጭልፊት አይጥን ያድናሉ። ከረግረግ የሚወጣው ሁሉ ጠቃሚ ነው ግን አንልም፤ ከርከሮና የግሪሳ ወፍ የሚያደርሱት ጉዳት የታወቀ ነው። ነገር ግን ጨፌው ሲታረስ ከርከሮው አይጠፋም፤ መጠለያው ሲጠብ ወደ ማሳው ይበልጥ ይቀርባል እንጂ።

የኢሉባቦር ጨፌዎች የሚሰጡት ትምህርት

የኢሉባቦር ምድር በዓመት በአመዛኙ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚያገኝ፣ በየሸለቆው ጨፌ ያለበት አገር ነው። በጨፌው ላይ የሚበቅለው ቄጠማ ለጣራ ክዳን ይታጨዳል፤ ቡና ሲፈላም ይጎዘጎዛል። የአካባቢው ገበሬ ከጨፌው የተወሰነውን ክፍል አጠንፍፎ በቆሎ መዝራት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ቦይ ይቆፈራል፤ በበጋው ይዘራል፤ እሸቱና እህሉ የደጋው ማሳ ምርት ገና ሳይደርስ፣ ጎተራ ባዶ በሚሆንባቸው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ይደርሳል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ የጨፌ በቆሎ ከክረምቱ ረኃብ የሚያሻግር ነው። ጨፌን ማረስ ጥፋት ብቻ ነው የሚል ምክር በዚያ አገር ጆሮ የማያገኘው ለዚህ ነው፤ ሊያገኝም አይገባውም።

እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 ድረስ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በእንግሊዝ አገር የሚገኘው የሀደርስፊልድ ዩኒቨርሲቲ በኢሉባቦር ጨፌዎች ላይ በጋራ ጥናት አካሂደዋል። ከጥናቱ የተገኘው ዋናው ትምህርት፣ ለረጅም ዓመታት እየታረሱ ያልተበላሹ ጨፌዎች እንዳሉ ሁሉ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደርቀው ከእርሻም ከግጦሽም ውጭ የሆኑ መኖራቸው ነው። ልዩነቱን የሚያመጣው አያያዙ ነው።

ያልተበላሹት ጨፌዎች ባሉባቸው ቦታዎች ገበሬዎቹ ራሳቸው ያቆሙት ሥርዓት ታይቷል። በአካባቢው አጠራር «አባ ላጋ» የሚባል፣ ትርጉሙም የወንዝ አባት የሆነ አስተባባሪ አለ። ቦይ መቼ እንደሚጠረግ፣ መቼ እንደሚዘራ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ በተራ እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ከብት ወደ ጨፌው መቼ እንዳይገባ በእርሱ አማካይነት ይወሰናል። የልማት ሠራተኛው እንዲህ ያለ ሥርዓት ባገኘበት ቦታ አዲስ ኮሚቴ ከማቋቋሙ በፊት ያለውን ማጠናከር ይጠበቅበታል።

የመጀመሪያው ዓመት ምርት የሚያሳስተው ለምንድን ነው?

አዲስ የተጠነፈፈ ጨፌ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ያለ ማዳበሪያ ጥሩ በቆሎ ይሰጣል። ማኅበሩ ይደሰታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቦዩ ይረዝማል፤ ይጠልቃል። የዚህን ምርት ምንጭ መረዳት ያስፈልጋል። ውኃው ሲወጣ አየር ወደ አፈሩ ይገባል፤ አየር ሲገባ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይበሰብስ የቆየው ብስባሽ በፍጥነት ይበሰብሳል፤ ታስሮ የነበረው ናይትሮጅንም ይለቀቃል። በቆሎው የሚያድገው በዚህ ነው። ስለዚህ የምንበላው የዓመቱን ወለድ ሳይሆን ዋናውን ተቀማጭ ነው።

ብስባሹ ሲያልቅ አፈሩ ይሰምጣል፤ ይጠባበቃል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። አንዴ በጣም ከደረቀ በኋላ ዝናብ ቢመጣም ውኃውን እንደ ቀድሞው አይመጥም። ምስጥ ይገባበታል። ቄጠማው ጠፍቶ በእርሱ ፈንታ አጭር የግጦሽ ሣር ይበቅላል። ክረምት ጎርፉ ሳይቆም ያልፋል፤ በጋ ምንጩ ይደክማል። በመጨረሻ በቆሎም፣ ቄጠማም፣ ውኃም የማይገኝበት ሜዳ ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚመጣው በአንድ ጊዜ አይደለምና ማንም ልብ አይለውም። «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» እንደሚባለው መሆኑ ነው።

የፎገራ ሜዳና የጣና ዳርቻ

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ሲሆን፣ ጥልቀቱ ግን 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በስተምሥራቁ በጉማራና በርብ ወንዞች መካከል የፎገራ ሜዳ ተዘርግቷል። ክረምት ወንዞቹ ከአፋቸው ሲወጡ ሜዳው በውኃ ይሸፈናል፤ ውኃው ሲሸሽ ገበሬው በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራል። በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላምም የዚሁ ውኃማ ሜዳ ልጅ ናት።

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በጅግናና በሻጋ በነበሩት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ ተሞከረ። ከዚያ ወዲህ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያ በሜዳው ተስፋፍቶ፣ ፎገራ ዛሬ በአገራችን የሩዝ ስም ሲነሣ አብሮ የሚጠራ ሆኗል። የሩዝ ታሪክ ለእኛ ለእርሻ ባለሙያዎች አንድ ቁም ነገር ይነግረናል። ውኃ የሚተኛበትን መሬት ሁልጊዜ ለእህሉ ሲባል ማድረቅ ግዴታ አይደለም፤ ለውኃው የሚስማማ እህል መፈለግም ይቻላል።

ሆኖም በዚያው በፎገራ ሜዳ ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች እየጠበቡ መጥተዋል። ውኃቸው በቦይ ወደ ውጭ ሲወሰድ፣ በሞተር ፓምፕ ለሽንኩርትና ለሌላ አትክልት ሲሳብ፣ ዳርቻቸውም በየዓመቱ ሲታረስ ቆይቷል። እነዚህ ረግረጎች አምባዛና ቆሮሶ የሚራቡባቸውና ጫጩቶቻቸው የሚያድጉባቸው ቦታዎች ናቸው። ክሬኖችም በበጋ በብዛት ያርፉባቸዋል። ረግረጉ በአንድ ወገን ሲጠፋ በሐይቁ ላይ የተሰማራው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር በሌላ ወገን መረቡን ባዶ ያወጣል። ጉዳዩ የአንድ ማኅበር ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በጣና ብቻ የሚገኙ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎችም አሉ። ከእነዚህ የተወሰኑት በክረምት ወደ ርብ፣ ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በዚያ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ዘሩን ማጥፋት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ እምቦጭ የሚባለው አረም ታየ። የዘር አገሩ ደቡብ አሜሪካ የሆነው ይህ ተንሳፋፊ አረም፣ ምግብ የበዛበት ውኃ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ ብዛቱን እጥፍ ሊያደርግ ይችላል። ምግቡን የሚያመጣለት ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈርና ከማሳ የሚወርደው ማዳበሪያ ነው። ዳርቻው ላይ ይህን ያጣራ የነበረው ደንገል ተመንጥሮ በታረሰበት ቦታ አጣሪ የለም። እምቦጩን በእጅና በማሽን መንቀል አስፈላጊ ቢሆንም፣ ደንገሉ ካልተመለሰና ተዳፋቱ ካልተከለለ ሥራው በየዓመቱ እንደገና ይጀመራል። የጣና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በባዮስፌር ክልልነት መመዝገቡም ጥበቃና አጠቃቀም አብረው እንዲሄዱ የሚያሳስብ ነው።

በበርጋ ጨፌ ያለችው ወፍ

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ከሆለታ ባሻገር በርጋ የሚባል የደጋ ጨፌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በዚህ ጨፌ አንዲት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያላት፣ ሣር ለሣር የምትሹለከለክና ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ወፍ ጎጆ እንደምትሠራ ታወቀ። ይህች ነጭ ክንፍ ያላት ትንሽ ወፍ በዓለም ላይ በዋናነት የምትታወቀው በኢትዮጵያና በደቡብ አፍሪካ ብቻ ሲሆን፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች መካከል ተቆጥራለች። ጎጆዋን የምትሠራው በክረምት፣ ሣሩና ቄጠማው በመካከለኛ ቁመት ሲደርስና በሥሩ ውኃ ሲቆም ነው። በዚያ ወቅት ከብት ከገባ ወይም ሣሩ ካለጊዜው ከታጨደ ጎጆው ይረገጣል።

በበርጋ የተወሰደው መንገድ ለሌላውም ትምህርት ይሆናል። የአካባቢው ሕዝብ ከኢትዮጵያ የዱር ሕይወትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ጋር በመሆን ጨፌውን የሚጠብቅ ቡድን አቋቁሟል። መሠረቱ ገበሬው አስቀድሞ የሚያውቀው የሣር ክልከላ ነው፤ ወፏ ጫጩቷን እስክታሳድግ ከብት ከጨፌው ይቆያል፤ ሣሩም ዘሩን ጥሎ ሲታጨድ ገበሬው የበለጠ ድርቆሽ ያገኛል። የወፏና የገበሬው ጥቅም በዚህ ላይ አልተጣላም።

ስለ በሽታ የሚነሣው ጥያቄ

«ረግረጉ ካልደረቀ ወባ አይጠፋም» የሚል ክርክር በየስብሰባው ይቀርባል። ጉዳዩ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። በአገራችን ዋናዋ የወባ ትንኝ ይበልጥ የምትመርጠው ፀሐይ የሚመታውን ገላጣና ትንሽ የተጠራቀመ ውኃ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ቄጠማና ደንገል የተጠለለ ውኃ እምብዛም አይስማማትም። ያልተጠረገ የማጠንፈፊያ ቦይ፣ የከብት ኮቴ ጉድጓድና ጡብ የተቆፈረበት ሥፍራ ግን ይስማማታል። በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ በካባሌ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት፣ የደንገል ረግረጋቸው ታርሶ በነበሩ መንደሮች የሌሊቱ ሙቀት ረግረጋቸው ካልተነካባቸው መንደሮች ከፍ ብሎ መገኘቱን፣ ይህም ለወባ መተላለፍ እንደሚያመች አሳይቷል። ስለሆነም ወባን ለመከላከል ሲባል ብቻ ጨፌን ማድረቅ የሚደገፍ አይደለም።

የጉበት ትል ግን እውነተኛ ችግር ነው። ትሉ በረግረግ ዳር በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ አድጎ በሣር ላይ ይጣበቃል፤ በጉና ላሟ ሣሩን ሲግጡ ይገባባቸዋል። መፍትሔው ከብቱን ከጨፌው ማራቅ፣ ሣሩን አጭዶ በሚገባ አድርቆ ማብላትና የእንስሳት ሐኪም በሚያዘው ወቅት መድኃኒት መስጠት ነው። ይህ ለከብቱም ለጨፌውም ይጠቅማል፤ የከብት ኮቴ እርጥቡን አፈር ይደፈጥጠዋልና።

ከማጠንፈፍ በፊትና በኋላ ሊደረግ የሚገባው

አንድ ማኅበር ጨፌ ለማረስ ሲያስብ የልማት ሠራተኛው የሚከተሉትን ነጥቦች ከአባላቱ ጋር እየዞረ እንዲመለከት እንመክራለን።

1. የጨፌው ራስ አይነካ። ምንጩ የሚፈልቅበትና ውኃው መጀመሪያ የሚገባበት የላይኛው ክፍል በቄጠማው እንደተሸፈነ ይቆይ። የጎተራው በር ይህ ነው።

2. የሚታረሰው ከመካከለኛው ክፍል የተወሰነው ብቻ ይሁን። የታችኛው መውጫ ውኃውን እንዲይዝ በተፈጥሮ ሣሩ ይተው። በሁለቱም ዳር ከተዳፋቱ የሚመጣውን ደለል የሚይዝ የሣር መቀነት ይቀመጥ።

3. ቦዩ ጥልቅ አይሁን። ለበቆሎ ሥር አየር እንዲያገኝ የውኃውን ልክ በመጠኑ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ከግማሽ ሜትር በታች ማውረድ አፈሩን ያደርቃል።

4. እህሉ እንደተነሣ ቦዩ በሣርና በአፈር ይደፈን። ክረምቱ ጨፌውን መልሶ ይሙላው። በዓመት ሁለት ጊዜ መዝራት አይመከርም።

5. ከመኸር በኋላ ከብት አይለቀቅ። ቆረቆንዳው ለከብት ከተፈለገ ተቆርጦ ወደ ቤት ይወሰድ።

6. ባሕር ዛፍ በጨፌ ውስጥም ሆነ በጨፌ ዳር አይተከል። ውኃውን ዓመቱን ሙሉ ይጠጣል።

7. ተዳፋቱ ይጠበቅ። ከላይ ያለው ደን ከተመነጠረ ጨፌው በደለል ይሞላል። በማሳ ላይ እርከን ይሠራ፤ በጅማ እርሻ ምርምር ማዕከል አማካይነት ወደ አገራችን ገብቶ በኋላ በኢሉባቦር በሰፊው የተተከለውን የቬቲቨር ሣር በኮንቱር መሥመር መትከል ጠቃሚ ነው።

8. እምቦጭ ባለበት አካባቢ አረሙን ለመኖም ሆነ ለሌላ አገልግሎት ወደ ሌላ ውኃ አያጓጉዙ። ቁራጩም ዘሩም ይበቅላል።

የውኃውን ልክ ስለ መለካት

ጨፌ መድረቅ አለመድረቁ በዓይን ግምት ዘግይቶ ይታወቃል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቀርከሃ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ወስዶ የውስጥ አንጓውን መብሳት፣ ጎን ጎኑን በምስማር መብሳትና በጨፌው ራስ፣ መካከልና መውጫ ላይ አንድ አንድ መቅበር ይበቃል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በተወሰነ ቀን፣ ቀጭን እንጨት ወደ ውስጥ አስገብቶ ውኃው ከአፈሩ ገጽ ስንት ሴንቲ ሜትር ዝቅ እንዳለ በደብተር መጻፍ ነው። ይህን የማኅበሩ ጸሐፊ ወይም የተማሪ ልጅ ሊሠራው ይችላል። በሁለተኛው ዓመት የመጋቢት ልክ ከመጀመሪያው ዓመት የመጋቢት ልክ ብዙ ዝቅ ካለና የሁለቱ ዓመታት ዝናብ ተቀራራቢ ከሆነ፣ ቦዩ በዝቷል ማለት ነው፤ ከፊሉ ይደፈን።

ከዚህ ጋር ሌሎች ምልክቶችን ማየት ይገባል። ቄጠማው እየሳሳ አጭር ሣር ከተተካ፣ አፈሩ በበጋ ከተሰነጠቀ፣ ምስጥ ከታየ፣ ምንጩ ከዓምናው ቀድሞ ከደከመ፣ የእንቁራሪት ድምፅ በክረምት ከጠፋ፣ ጨፌው ታሟል። በቦይ ውኃ ላይ የሚታየው ቀይ ዝገትና ዘይት የሚመስል ቀጭን ሽፋን ግን ብዙ ጊዜ ከአፈሩ ከሚወጣ ብረት የሚመጣ ነው። በእንጨት ሲነካ እንደ ስባሪ መስተዋት ከተቆራረጠ የብረት ነው፤ መልሶ ከተያያዘ ግን ከሞተር የፈሰሰ ዘይት ስለሆነ ፓምፑ ይመርመር።

የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ድርሻ

ጨፌ በአንድ ሰው ማሳ ልክ ተቆርሶ የሚያልቅ ሀብት አይደለም። ከላይ ያለው ገበሬ ቦይ ሲቆፍር የታችኛው ገበሬ ውኃ ያጣል፤ የታችኛው መውጫውን ሲያሰፋ የላይኛው ይደርቃል። ስለዚህ ውሳኔው የጋራ መሆን አለበት። ማኅበሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ የማይታረሰውን ክፍል በግልጽ ምልክት ለይቶ ይጻፍ፤ ቦይ የሚደፈንበትን ቀን ይወስን፤ የቄጠማ አጨዳን በተራ ያድርግ። በስብሰባው ላይ ማሳ ያለው ብቻ ሳይሆን ከምንጩ የሚቀዱት ሴቶች፣ ቄጠማና ደንገል ቆርጠው የሚተዳደሩት፣ ዓሣ የሚያሰግሩትም ይገኙ። ጨፌው ሲደርቅ ቀድሞ የሚጎዳው መሬት የሌለው ነው፤ በስብሰባ ላይ ድምፁ ሳይሰማ የሚቀረውም እርሱ ነው።

ከቄጠማ፣ ከደንገል ሥራ፣ ከድርቆሽና ከዓሣ የሚገኘውን ገቢ ማኅበሩ በአንድ ዓመት ውስጥ መዝግቦ ከበቆሎው ምርት ጋር ቢያስተያይ ጥሩ ነው። ከጨፌው ምን እንደሚገባ ሳይመዘገብ ስለቆየ ብቻ «አይረባም» የተባለ ብዙ ነው።

ማጠቃለያ

ረግረግ ክረምትን ለበጋ የሚያስቀምጥ ጎተራ ነው። ከጎተራ መብላት አይከለከልም፤ ጎተራውን ግን ማንም አፍርሶ አያነድም። አንድ ጨፌ ሙሉ በሙሉ ከደረቀና አፈሩ ከሰመጠ በኋላ መልሶ ለማዳን ብዙ ዓመታት ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ቦታም አይመለስም። ራሱን ጠብቆ፣ መካከሉን በልክ አርሶ፣ ቦዩን በወቅቱ መድፈን ግን የአንድ ማኅበር አባላት በጥቂት ቀናት ዘመቻ የሚፈጽሙት ሥራ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደተባለው፣ በየቀበሌው ያላችሁ የልማት ሠራተኞች ከሚመጣው የበጋ ቁፋሮ በፊት ከማኅበራቱ ጋር ጨፌዎቻችሁን ዞራችሁ እንድትመለከቱ፣ የሚታረሰውንና የሚተወውን ለይታችሁ እንድትከልሉ፣ የመለኪያ ቱቦዎቹንም በክረምቱ መውጫ እንድትቀብሩ አደራ እንላለን።